ቦታ ጠቦት ነው

ስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም መርፌ ናት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ያገባችው ደግሞ በርና መስኮት የሚበይድ፣ ከብረት መቁረጫው ጩኸት ብዛት ጆሮው የደነዘዘ፣ ሲስቅ ድምፁ ሳይሆን ትከሻው የሚስቅ ሰው ነው። "ምላሷን የቻለው ስለማይሰማ ነው" ይላሉ ጓደኞቿ፤ እሷም አትክድም። ተሳስቀው የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። የጎደላቸው ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይጠነክሩ ወረዱባት፤ ከሁለተኛው በኋላ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉትና ስለ ልጅ በቤታቸው መወራቱ ቀረ።

ሦስተኛውን ስትይዝ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሌላ ቦታ ብትሠራ ኖሮ ሰፋ ያለ ቀሚስ ለብሳ ጥቂት ወር ትደብቀው ነበር፤ በልብስ ሰፊ በተሞላ ክፍል ውስጥ ግን የቀሚስን ነገር ከማን ይደብቋል? የጎኑን ስፌት ፈትታ እንደገና መግጠሟን እትዬ ኮሌታ ከክፍሉ ማዶ ሆነው አዩት። በምሳ ሰዓት ጠጋ አሉና ጎኗን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው፣ በቅርቡ ደግማ እንደምትፈታው፣ ከወዲሁ ትርፍ ጨርቅ ትታ ቢሆን ድካም ይቀንስላት እንደነበር በጆሮዋ ነገሯት። መርፌ መልስ አጣች። እዚያ ቤት ስትሠራ መልስ ያጣችበት ቀን ያ የመጀመሪያው ነው።

እትዬ ኮሌታ የተባሉት ከወጣትነታቸው ጀምሮ የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ሲሰፉ ስለኖሩ ነው። ሌላው እጅጌ፣ ሌላው ኪስ ይሰፋል፤ የመርፌ ሥራ ኪስ ነበር። እትዬ ኮሌታ አምስት ወልደው አምስቱንም አሳድገዋል፤ አንዷ ልጃቸው አስተማሪ ሆና እሳቸው የሰፉትን ኮሌታ ለለበሱ ተማሪዎች ታስተምራለች። ስለዚህ በስፌት ቤቱ ውስጥ ስለ እርግዝና፣ ስለ ምጥና ስለ ጡት የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። አለቃው እንኳ ሚስቱ ስታረግዝ ወደ ሐኪም ከመውሰዱ በፊት እሳቸውን አማክሮ ነበር ይባላል።

የመሀሉ ወራት ጥሩ ነበሩ። ማስመለሱ ተዋት፣ የምግብ ፍላጎቷ መጣ፣ ፊቷ ወዛ። ልጁም መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የዚህ ልጅ እንቅስቃሴ ደግሞ ስፌት ቤቱን ሁሉ ያስገረመ ነበር። የልብስ ስፌት መኪኖቹ በሙሉ የሚነሱትና የሚጠፉት ግድግዳው ላይ ባለ አንድ ማብሪያ ነው። ጠዋት አለቃው ሲጫነው ሞተሮቹ ይነሳሉ፤ ንዝረቱ በጠረጴዛው፣ በወንበሩና በወለሉ አልፎ እስከ አጥንት ይገባል። መኪኖቹ እስኪቆሙ ድረስ ልጁ ዝም ነው፣ ተኝቶ ነው የሚውለው። በምሳ ሰዓት ማብሪያው ተጭኖ ክፍሉ ጭር ሲል ግን ይነቃና ይራገጣል። አንድ ቀን ሳይሆን ሁልጊዜ።

መርፌ ይህንን ለጎረቤቷ ነገረች፤ ጎረቤቷ ለሌላዋ ነገረች፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ሲጠፋ ሴቶቹ ምሳ ዕቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት መጥተው በየተራ እጃቸውን ሆዷ ላይ ማድረግ ለመዱ። ልጁ የምሳ ሰዓት ያውቃል፣ ከአለቃው ጋር ተማክሮ ነው፣ ሲወለድ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነው የሚሆነው ይባል ነበር። አለቃው ራሱ አንድ ቀን ቆየት ብሎ ሲያጠፋ "ጌታው ተቆጡ እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። መርፌ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። የሰው ሁሉ እጅ ሆዷ ላይ ሲያርፍ ደስታው እንባ እንባ ይላት ነበር፤ ግን ለቅሶ ስለማትወድ "ሆዴን ሳሙና አደረጋችሁት፣ ሁሉም ይታጠብበታል" እያለች ትሳደባለች።

ቤት ስትገባ ደግሞ ባሏ ይጠብቃታል። ጆሮው ስለማይረዳው ጉንጩን ነበር ሆዷ ላይ የሚያስጠጋው። ልጁ በረገጠው ቁጥር ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ስድስተኛው ወር አልቆ ሰባተኛው ሲጋመስ አካሏ ባዕድ ሆነባት። የመጀመሪያው ቃሩ ነው፤ ውሃ ብትጠጣ እንኳ ደረቷን እሳት ይለበልባታል። ከዚያ እግሯ አብጦ ማታ ጫማዋ አልወልቅ አለ። የስፌት ቤቱን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ያጥርና መሀል ላይ ቆማ የመስኮቱን እይታ የምታደንቅ ትመስላለች፤ መስኮቱ የሚያሳየው የጎማ ጠጋኝ ጓሮ ነው። በጀርባዋ መተኛት አቃታት። ሆዷ ድንገት ድንጋይ ይሆንና መልሶ ይላላል። ሁለት ጊዜ የደረሰባትን ታውቃለችና እያንዳንዱ ለውጥ ልቧን ይሰቅለዋል፤ በሆነ ባልሆነው ወደ ጤና ጣቢያው ትሮጣለች።

ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ወፍራም፣ ተረጋግታ የምትናገር፣ ሁሉም ሲስተር እያለ የሚጠራት ሴት ናት። ግፊቷን ለክታ፣ ሽንቷን አይታ፣ የልጁን ልብ አዳምጣ፣ ሁሉም ደህና እንደሆነ ትነግራታለች። የመሀሉ ወራት ሜዳ ነበሩ፤ አሁን ዳገቱ ተጀመረ፤ ልጁ ሲያድግ ጨጓራሽንም ሳንባሽንም ወደ ላይ ይገፋል፣ ደም ያበዛል፣ እግር ያሳብጣል፤ በጎንሽ ተኚ፣ ጥቂት ጥቂት ብዪ፤ ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም ዓይንሽ ከተጋረደ ግን ነይ። ይህን ሁሉ ሳትሰለች ትነግራት ነበር። አንድ ቀን ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ጠራቻት።

"ስሚ፣ የነገርኩሽን ሁሉ ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ። ልጁን አሁን ለምደሽዋል። ከለመድሽው ከቀነሰብሽ ነገ አትበዪ፣ በዚያው ሰዓት ነይ።"

መርፌ እሺ ብላ ወጣች። በእውነትም አልረሳችውም።

በስፌት ቤቱ ግን የጤና ጣቢያው ምልልስ መሳቂያ ሆነ። በተመለሰች ቁጥር ሲስተር ምን አለች ይሏታል፤ ደህና ነው አለችኝ ስትል ክፍሉ ይስቃል። እሷም መጀመሪያ ላይ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ትመልስላቸው ነበር። ነገሩ የከፋው የሐሰት ምጡ ቀን ነው። ኪስ እየሰፋች ሆዷ ጠጠረ፣ ላላ፣ እንደገና ጠጠረ። መጣ ብላ ጮኸች። አለቃው ማብሪያውን ዘጋ፤ ሰው የላኩበት ባሏ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ በሰው መኪና እየከነፈ መጣ፤ አራት ሴቶች ከኋላ ተሳፈሩ። ሲስተር መርምራ ማህፀኗ ለምጡ ቀን እየተለማመደ እንጂ ምጥ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። በዚያው መኪና ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሳምንቱን ሙሉ "መርፌ፣ ዛሬስ አትወልጂም?" እየተባለ ተዋለ። በፍቅር ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን መውጋት የለመደ መወጋት አይችልም። መርፌ ፊቷ እየሳቀ ውስጧ አረረ፤ ሁለተኛ በትንሽ በትልቁ እየሮጥኩ ሰው አላስቅም ብላ በልቧ ማለች። ያ መሐላ ምን ያህል እንዳስከፈላት ቆይቶ ነው የገባት።

ሴቶቹም ቢሆኑ ስቀው አልተዉዋትም። በዚያው ሳምንት ተማክረው፣ እትዬ ኮሌታን ከፊት አስቀድመው አለቃው ዘንድ ገቡ። ይህች ልጅ በዚህ ሆዷ መኪና ላይ ጎብጣ መዋሏ ግፍ ነው፣ የኋለኛው ክፍል ትግባ አሉት። የኋለኛው ክፍል የሸሚዝ ቁልፍ በእጅ የሚተከልበትና ትርፍ ክር የሚቆረጥበት ጸጥ ያለ ክፍል ነው። አለቃው እሺ አለ። መደገፊያ ያለው ወንበር ፈልገው አመጡላት፤ እግሯን የምታሳርፍበት የቁራጭ ጨርቅ ክምር አዘጋጁላት። መርፌ ያን ቀን እውነትም አለቀሰች። እንዲህ የሚወዷት አይመስላትም ነበር።

በአዲሱ ክፍል መጀመሪያ ላይ ልጁ ሰዓቱ ተዘበራረቀበት። ጠዋትም ይራገጣል፣ ከሰዓትም ይራገጣል፤ ሴቶቹ በምሳ ሰዓት ሲመጡ አንዳንዴ ተኝቶ ያገኙታል። "ሥራ ፈትቶ ነው" ብለው ሳቁ። ቀስ በቀስ መምጣታቸውም ቀረ። መርፌም ቁልፍ እየተከለች ሐሳብ ይወስዳትና እንቅስቃሴውን መከታተሉን ትረሳው ጀመር።

ዘጠነኛው ወር ከገባ በኋላ አንድ ቀን ቁልፍ ልትተክል ክር በጥርሷ እየቆረጠች ድንገት ቆም አለች። ከመቼ ወዲህ ነው ያልረገጠኝ ብላ ራሷን ጠየቀች። ጠዋት የሆነ ነገር ሽው ያለ መስሏታል። ትናንት ማታ ግን ባሏ ጉንጩን አስጠግቶ ቆይቶ፣ ተኝቷል ብሎ ነበር የተነሳው። ከትናንት በስቲያስ? እርግጠኛ አልነበረችም። በምሳ ሰዓት እትዬ ኮሌታ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው።

እትዬ ኮሌታ አፋቸው ውስጥ ያለውን ሳይቸኩሉ ዋጡ።

"ቦታ ጠቦት ነው" አሉ። "መጀመሪያ ሰፊ ቤት ነበረው፣ እንደልቡ ይጨፍራል። አሁን አድጓል፤ በየት በኩል ይገላበጥ? ሁሉም መጨረሻ ላይ ዝም ይላሉ።"

"ሲስተር ግን ከቀነሰ ነይ ብላኛለች።"

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" አሉ እትዬ ኮሌታ። በዙሪያቸው ያሉት ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉና ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት። "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ልጄ። የኔ ሁለተኛ በጥባጭ ነበር፣ አራተኛዋ መኖሯንም አላውቅ። ይልቅ ምሳሽን ብዪ።"

ከወዲያ በኩል እጅጌ የምትሰፋዋ ሌላ ሐሳብ አመጣች፤ ልጁ ሞተሩ ናፍቆት ነው፣ በመኪና ድምፅ ያደገ ልጅ በጸጥታ እንዴት ይጫወታል አለች። ይህኛው ለመርፌ ይበልጥ ተስማማት። ልጁ የእነሱ ልጅ ነው፣ የስፌት ቤቱ ልጅ ነው፤ ሲስተር ይህንን ከየት ታውቃለች? የፈለገችውን የሚነግራት ሰው ስላገኘች ደስ ብሏት በላች። ሰው የሚፈራውን ነገር ከማረጋገጥ የሚወደውን ማመን ይቀለዋል፤ እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ማታ ባሏ ጉንጩን አስጠጋ። ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጤና ጣቢያ እንሂድ አላት። እትዬ ኮሌታ ያሉትን ነገረችው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረባት። እሱ አሁንም እንሂድ አለ። ነገ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይነሳል፣ ካልተነሳ ያኔ እሄዳለሁ አለችው። ሰውየው ከመርፌ ጋር ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም። ያን ምሽትም አላሸነፈም።

በነጋታው አለቃውን ለምና ወደ ድሮ ቦታዋ ተመለሰች። ሆዷ ከጠረጴዛው ስለሚጋጭ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ፣ ክንዷን ዘርግታ ኪስ ትሰፋ ጀመር። ሞተሩ ተነሳ። ንዝረቱ እንደ ወትሮው በወንበሩ በኩል መጥቶ አካሏን ሲሞላው ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰላት፤ ልቧ ዘለለ። ከዚያ ግን የምታንቀጠቅጣት መኪናዋ መሆኗን አወቀች። ረፋዱን ሙሉ እንዲህ ስትታለል ዋለች፤ እሱ ነው ትላለች፣ ሞተሩ ይሆናል። ሴቶቹ ቀና እያሉ ያዩዋታል። ማንም አይቀልድም ነበር።

አለቃው ማብሪያውን ተጫነ።

ክፍሉ ጭር አለ። ከወትሮው በተለየ ወንበር የሳበ፣ ምሳ ዕቃ የከፈተ የለም። ከታች የጎማ ጠጋኙ መዶሻ ይሰማል። መርፌ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሆዷን መንካት ፈርታለች። አንዳቸውም እንደ ድሮው ተጠግተው እጃቸውን አላሳረፉም። ሁሉም የየራሱን የተሰፋ ጨርቅ ይመለከት ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ኮሌታ ተነሥተው መጡ። አጎንብሰው መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አደረጉ። ትንሽ ጠብቁ፣ እንቅልፍ ይሆናል አሉ። ወደ ሌላው ጎን አዛወሩት። ገፋ አደረጉ፤ ደግመው ገፋ አደረጉ። መርፌ ፊታቸውን እያየች ነበር፤ የእትዬ ኮሌታ ፊት ከአገጫቸው ጀምሮ ቀለሙ ሲጠፋ አየችው። ተነሣችና ወደ ደረጃው ሄደች። አለቃው ራሱ ደግፎ አወረዳት።

ሲስተር የመመርመሪያውን ቅባት ቀብታ የልብ ምት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ያ ክፍል ከዚህ በፊት መርፌ በሄደች ቁጥር ወዲያው ቱክቱክታ ይሞላው ነበር። አሁን የሚሰማው የራሷ ደም ብቻ ነው፤ ዝግ ያለ፣ የእናት። ሲስተር ማዳመጫውን ዝቅ አደረገች፣ ከፍ አደረገች፣ በጎን ሞከረች። ከዚያ ሆዷን በፎጣ ጠርጋ አለበሰቻትና ወደ ሆስፒታል አብራት ሄደች። እዚያ አልትራሳውንዱን የያዘው ሐኪም ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ። የልጅሽ ልብ አይመታም፣ በጣም አዝናለሁ አላት። ባሏ ተጠርቶ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልሰማም። የሚስቱን ፊት አይቶ ነው ያወቀው።

መርፌ ሲስተርን እጇን ያዘቻት።

"ቦታ ጠቦት አይደለም?"

"ቦታ ሲጠብ መገላበጡን ይቀንሳል፤ መግፋቱና መንፈራገጡ ግን እስከ ምጥ ድረስ አይቀርም። ዝም አይልም፣ እህቴ።"

"ትናንት ብመጣ ይተርፍ ነበር?"

ሲስተር መዋሸት አልፈለገችም።

"አላውቅም" አለች። "ሊተርፍ ይችል ነበር። ላይተርፍም ይችል ነበር። ማንም እርግጡን ሊነግርሽ አይችልም።"

ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ሰጧት። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር፤ የሞተም ልጅ በምጥ እንደሚወለድ፣ ሕመሙ እንደማይቀንስ፣ አዋላጇ ያው ግፊ እንደምትል፣ መጨረሻ ላይ ክፍሉ ዝም እንደሚል። ሴት ልጅ ነበረች። ሲስተር አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ማየት ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። መርፌ አዎ አለች። ባሏ ተቀብሎ አቀፋት፤ ጉንጩን ጉንጯ ላይ አሳርፎ ለረጅም ጊዜ ቆየ። በቀጣዩ ቀን ቀበሯት።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ መርፌ ከአልጋ አልወረደችም። የስፌት ቤቱ ሴቶች በየተራ ይመጣሉ፤ ተቀምጠው፣ አልቅሰው፣ ያመጡትን ምግብ አስቀምጠው ይሄዳሉ። እትዬ ኮሌታ ግን አልመጡም። መርፌ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሳቸው ቢሆኑ ምን እንደምትላቸው ታዘጋጅ ነበር። ነገሩን ቀን ከሌት ስትስለው ስለቆየች ስለታም ሆኖላታል፤ አምስት ስለወለዱ የሰውን ሁሉ ሆድ የሚያውቁ መሰላቸው ወይ፣ እኔ መሄድ እያማረኝ በሰው ፊት ያሳቁብኝ ማን ሆነው ነው፣ ልጄን የገደሏት እሳቸው ናቸው። የመጨረሻውን ስታስብ ግን ራሷ ላይ እንዳይዞር ትፈራለች። ነይ የተባለችው እሷ ነበረችና፤ ያልሄደችውም እሷ።

ከዚያ ወተቱ መጣ። ማለዳ ስትነቃ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ግሎ፣ ሸሚዟን አርሶታል። ልጅ የሌለው ወተት ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም፤ አካሏ የሆነውን ነገር ያልሰማ ይመስል ሥራውን ይሠራል። ባሏ ደረቱን ይዞ ምን ላድርግ ይላታል። ምን ያድርግ?

እትዬ ኮሌታ የመጡት ያን ቀን ነው። ባሏ በሩን ከፈተና አሳለፋቸው። አልጋው አጠገብ ቆሙ፤ አልተቀመጡም፣ አላለቀሱምም። ከቦርሳቸው አንድ የተጣጠፈ ነገር አወጡ። ከሸሚዝ ጨርቅ በድርብ የተሰፋ፣ እጅጌ የሌለው፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ጠበቅ ያለ የውስጥ ልብስ ነው።

"ተነሺ፣ ልጄ" አሉ። "ይሄን ልበሺው፤ ደግፎ ይይዝልሻል፣ ግን እንዳያፍንሽ በጣም አታጥብቂው። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከርሽ ላዩ ላይ አድርጊ። አትለቢው፤ ባለብሽው ቁጥር ይጨምራል። ቢያተኩስሽ ለሲስተር ንገሪ። ቀስ እያለ ይደርቃል።"

መርፌ ልብሱን አየችው። ሳይለካ በልኳ ነው የተሰፋው። ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ ልትጀምረው ስትል ግን ሌላ ነገር አሰናከላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ትታ ተናገረቻቸው።

"አንቺ አምስት ወልደሽ አምስት ያጠባሽ ሴት ነሽ። ልክ እንደወለዱ ወተት ማድረቅን ማን አስተማረሽ?"

እትዬ ኮሌታ አሁን ተቀመጡ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከእግሯ በኩል።

"ስድስት ነው የወለድኩት" አሉ።

ባሏ ከበሩ አጠገብ ከንፈራቸውን እያየ ቆሟል።

እትዬ ኮሌታ እጃቸውን እያዩ ተናገሩ። ከአምስቱ በፊት አንድ ነበር። ገና ልጅ ነበሩ፣ ያገቡበት ዓመት። በዘጠነኛው ወር ዝም አለባቸው። ለአማታቸው ነገሩ፤ አማታቸው ቦታ ጠቦት ነው፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ ዝም ይላሉ አሏቸው። እሺ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሲወለድ አላለቀሰም። የእግዜር ሥራ ነው ተባለ፤ እሳቸውም የእግዜር ሥራ ነው አሉ። ደረታቸውን ያሰሩላቸውም እኚያው አማታቸው ናቸው።

"ዝም ማለቱ ሌላ፣ መሞቱ ሌላ ነበር የሚመስለኝ" አሉ። "በሕይወቴ አንድ ቀን አገናኝቼው አላውቅም። ላንቺም የነገርኩሽ አውቃለሁ ብዬ ነው፤ በእናቴ ዕድሜ ያለ ሰው ሲነግረኝ ሰምቼ አምኜ። ያን ቀን እጄን ሆድሽ ላይ ሳደርግ ነው የገባኝ። ያንቺም፣ የኔም።"

መርፌ ይቅር ልትላቸው ፈልጋ አልቻለችም፤ ልትጮህባቸው ፈልጋም አልቻለችም። ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ውስጧ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሌላ የምትለው ስላልነበራት ወንድ ነበር ወይስ ሴት ብላ ጠየቀቻቸው።

"አላውቅም። ከላይ ሸፍነው ነው የወሰዱት፤ ብታዪው ይብስብሻል አሉኝ። እኔም አልጠየቅኩም።" እትዬ ኮሌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። "ያንቺን አሳዩሽ አሉ።"

"አይቻታለሁ።"

"እስቲ ንገሪኝ። ምን ትመስላለች?"

መርፌ ለማንም አልተናገረችውም ነበር። ከሚጠይቋት ሴቶች አንዷም ይህን አልጠየቀቻትም፤ ሁሉም እሱን ነገር ዞረው ነበር የሚያልፉት። ፀጉር ነበራት አለች፤ ጥቁር፣ ብዙ፣ ከጆሮዋ ኋላ ድረስ የወረደ። ቅንድቧ ገና ስስ ነው። አፍንጫዋ የአባቷ ነው፣ አልጠፋም። ከንፈሯ ትንሽ ከፈት ብሏል፣ የሆነ ነገር ልትል ያሰበች ትመስላለች። እያወራች ሳለ ወተቱ ፈሰሰ፤ አላቆመችም። እትዬ ኮሌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር፤ ከንፈራቸው እያንዳንዱን ቃል ተከትሎ ይንቀሳቀሳል።

"ጣቶቿስ?" አሉ። "ጥፍር ነበራት?"

"ነበራት" አለች መርፌ። "ረዝሞ ነበር።"